ቦታ ሳታስይዙ በሙኒክ ኦክቶበርፌስት መቀመጫ ማግኘት፦ ዝርዝር መመሪያ

በጀርመን ሙኒክ ከተማ በየዓመቱ በሚከበረው የቢራ በዓል፣ በኦክቶበርፌስት፣ ድንኳን ውስጥ ቢራ የሚቀርበው በአብዛኛው ለተቀመጠ ሰው ነው። አስተናጋጇ አንድ አንድ ሊትር የሚይዙ አሥርና ከዚያ በላይ ብርጭቆዎች ታቅፋ በመተላለፊያው ስታልፍ፣ ቆሞ እጁን የሚያውለበልብ ሰው ጋ አትቆምም። የምትሄደው ወደ ራሷ ጠረጴዛዎች ነው። መቀመጫ ያላገኘ ሰው ሙዚቃውን ሰምቶ፣ ሰውን አይቶ፣ በደረቁ ይመለሳል።

“ከወራት በፊት ቦታ ካላስያዛችሁ አትድከሙ” የሚለው ወሬ ግን ልክ አይደለም። መቀመጫ አለ፤ በየቀኑም ይገኛል። የሚያስፈልገው ነፃው ቦታ የት እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሚለቀቅና እንዴት እንደሚጠየቅ ማወቅ ነው። ከታች ያሉት ሰዓቶች ሁሉ በጀርመን አቆጣጠር ናቸው፤ 9፡00 ማለት በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው።

ነፃ ቦታው ከየት ይመጣል?

በዓሉ በሚካሄድበት ቴሬዚየንቪዘ ሜዳ 14 ትልልቅ ድንኳኖችና ከ20 የማያንሱ ትንንሾች ይተከላሉ። የሙኒክ ሰዎች ሜዳውንም በዓሉንም ባጭሩ “ቪዝን” ይሏቸዋል። ወደ ሜዳው መግቢያ አይከፈልም፤ ወደ ድንኳኖቹም እንደዚሁ።

ከተማው ባለድንኳኖቹ መቀመጫቸውን ሁሉ አስቀድመው እንዲሰጡ አይፈቅድም። በትልልቆቹ ድንኳኖች በሥራ ቀናት ሩብ ያህሉ ቀኑን ሙሉ ሳይያዝ መቆየት አለበት። ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓል ቀን ደግሞ እስከ 15፡00 ግማሽ ያህሉ፣ ከዚያ በኋላ ከሲሶ ጥቂት የሚበልጠው ለመጣ ሰው ክፍት ነው። ይህ ማለት ቅዳሜ ነፃ ቦታ ይበዛል፣ ግን የሚሻማበት ሰው ደግሞ እጅግ ይበዛል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምንጭ የተያዙት ጠረጴዛዎች ራሳቸው ናቸው። ቦታ የሚያዘው በሰው ሳይሆን በጠረጴዛ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ለ10 ሰው። አስያዡ ለእያንዳንዱ ሰው የቢራና የምግብ ኩፖን፣ በተለምዶ የሁለት ሊትር ቢራና የግማሽ ዶሮ፣ አስቀድሞ ይገዛል። ከአሥሩ ሁለቱ ይታመማሉ፣ አንዱ ባቡር ያመልጠዋል፤ አግዳሚው ላይ ክፍተት ይፈጠራል። ያ ክፍተት የእናንተ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ምንጭ ግቢው ነው። ከእያንዳንዱ ትልቅ ድንኳን ውጭ ጠረጴዛ የተደረደረበት የቢራ ግቢ አለ፤ በአብዛኞቹ ግቢዎች ቦታ አይያዝም፣ ቀድሞ የተቀመጠ ይቀመጣል። ብዙ እንግዳ ዓይኑን በድንኳኑ በር ላይ ተክሎ ይህን አልፎት ይሄዳል።

ቀን መምረጥ

በዓሉ ከሴፕቴምበር አጋማሽ በኋላ ባለው ቅዳሜ ይጀምራል፤ በ2026 ከሴፕቴምበር 19 እስከ ኦክቶበር 4፣ በእኛ ከመስከረም 9 እስከ 24 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ምንጊዜም መስቀልን አቅፎ ያልፋል። በዚያ ዓመት ደመራ የሚውለው በመካከለኛው ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 26 ነው። መካከለኛው ቅዳሜና እሑድ ከጣሊያን በአውቶቡስ የሚመጣው እንግዳ የሚበዛበት፣ ከሁሉ የከፋው መጨናነቅ ያለበት ስለሆነ፣ በዚያ ቀን ደመራ ላይ መገኘት በሁሉም ረገድ የተሻለ ምርጫ ነው። በሴፕቴምበር 27 ቀን 2025 መካከለኛው ቅዳሜ ላይ ሜዳው ራሱ ከመጠን በላይ ሞልቶ መግቢያዎቹ ለጊዜው ተዘግተው ነበር።

ምርጫ ካላችሁ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ሂዱ። ከእነዚህም ሰኞ ይሻላል። ማክሰኞ የቤተሰብ ቀን ስለሆነ ለልጆች መጫወቻው ቅናሽ አለ፤ ቀኑን ልጆች ይበዛሉ፣ ወላጆቻቸው ደግሞ በጊዜ ይነሳሉ። ይህም ወደ ማምሻው ግድም መቀመጫ ያስለቅቃል። ዓርብ እስከ እኩለ ቀን እንደ ሥራ ቀን፣ ከዚያ በኋላ እንደ ቅዳሜ ቁጠሩት። ኦክቶበር 3 የጀርመን የአንድነት በዓል ነው፤ በ2026 ከቅዳሜ ጋር ስለተገጣጠመ በጣም ይጨናነቃል።

የመክፈቻውን ቀን በጥንቃቄ እዩት። የከተማው ከንቲባ በሾተንሃመል ድንኳን የመጀመሪያውን በርሜል የሚከፍተው ልክ በ12፡00 ነው፤ ከዚያ በፊት በየትኛውም ድንኳን ቢራ አይቀዳም። ድንኳኖቹ የሚሞሉት ግን በማለዳ ነው። ሦስት ሰዓት ያህል ያለ ቢራ፣ ተጨናንቆ፣ ቦታ እየጠበቁ መቀመጥ የማይከብደው ብቻ ይሂድ።

የአየሩን ትንበያም በዚህ ዓይን አንብቡት። ፀሐይ ሲወጣ ሰው ሁሉ ግቢ ይወጣል፣ በሥራ ቀን ድንኳኑ ውስጥ ቦታ ይላላል። ዝናብ ሲሆን ግቢው ባዶ ይቀራል፤ ድንኳኖቹ ግን ከወትሮው ቀድመው ሞልተው ይዘጋሉ። ዝናብ ከተተነበየ ከመዝነቡ በፊት ውስጥ ተቀመጡ።

ሰዓት

በሥራ ቀን ቢራ የሚቀዳው ከ10፡00፣ ቅዳሜና እሑድ ከ9፡00 ጀምሮ ነው። መጨረሻው 22፡30 ሲሆን አብዛኞቹ ድንኳኖች 23፡30 ይዘጋሉ። በዚህ መካከል መቀመጫ የሚላላባቸው ሰዓቶች አሉ።

የመጀመሪያው በሥራ ቀን ከ10፡00 እስከ 13፡00 ያለው ነው። በዚህ ሰዓት ገብታችሁ ደስ ያላችሁ ቦታ መቀመጥ ትችላላችሁ፤ ሳትጠይቁ፣ ሳትሮጡ። እስከ 18፡00 የሙዚቃው ድምፅ ከ85 ዴሲቤል እንዳያልፍ ደንብ አለ፤ የሚጫወተውም የነሐስ መሣሪያ ባህላዊ ሙዚቃ ስለሆነ ጎን ለጎን ተቀምጦ ማውራት ይቻላል። ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ የሚጮኸውን ድንኳን ሳይሆን በዓሉን ማየት ለሚፈልግ፣ በተለይ ወላጆቹን ለያዘ፣ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

ሁለተኛው ከ15፡00 እስከ 17፡00 ነው። የቀን አስያዦች ይነሳሉ፣ የማታዎቹ ገና አልገቡም። ውስጡ ይተራመሳል፤ የሚነሳው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚነሳ ያልተያዘው ክፍልም ይላላል። በዚህ ሰዓት ተቀምጦ እስከ ማታ መቆየት የምሽቱን ቦታ ለማግኘት ዋነኛው መንገድ ነው። ከ18፡00 እስከ 20፡00 ባለው ጊዜ ለመምጣት ካሰባችሁ፣ ሥራ ያላችሁ ሁለት ሰዎች ካልሆናችሁ በስተቀር፣ ሐሳባችሁን ቀይሩ።

ሦስተኛው ከ20፡00 በኋላ ነው። ከ6 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በ20፡00 ከድንኳን መውጣት ስላለባቸው ቤተሰቦች ይሄዳሉ። ከጠዋት ጀምሮ የጠጡትም ይደክማሉ። ከ21፡00 ጀምሮ ሁለት ሁለት ቦታ በየጠረጴዛው ይከፈታል፤ በሩ ላይ ያለው ሰልፍም ይቀንሳል። አንድ ሊትር ጠጥታችሁ ለመውጣት አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል።

ቅዳሜ ከሆነ ግን አንድ ሰዓት ብቻ አለ፤ በር ሲከፈት። ከ9፡00 በፊት በመረጣችሁት ድንኳን በር ላይ ቁሙ፤ ለታወቁት ድንኳኖች 7፡30 መድረስ አይበዛም። ከ11፡00 በኋላ ያልተያዘው ክፍል ሞልቷል።

ስንት ሆናችሁ ትሄዳላችሁ?

መቀመጫ ለማግኘት ከሰዓቱ ቀጥሎ የሚወስነው የሰው ቁጥር ነው። የድንኳኑ ጠረጴዛ 220 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 50 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን በየጎኑ አራት ወይም አምስት ሰው ይቀመጣል። ተጠጋግተው ሁለት ሰው ያስገባሉ፤ ሦስት ሰውም በመግባባት ይሆናል። አራት ሰው ፊት ለፊት ሁለት ሁለት ሆኖ መቀመጥ ይችላል። አምስትና ስድስት ሲሆን ግን ማንም ጠረጴዛ ቦታ የለውም።

ስምንት ሆናችሁ ከመጣችሁ ከመግባታችሁ በፊት በሁለት ተከፈሉ፤ አራት አራት ሆናችሁ በተቀራረቡ ጠረጴዛዎች ፈልጉ፣ አጠገባችሁ ያሉት ሲነሱ ትገናኛላችሁ። “ሁላችንም አብረን ካልተቀመጥን” ያለ ቡድን ሲዞር ያመሻል። አሥር ሰው በአንድ ጠረጴዛ የሚፈልግ ቡድን በሥራ ቀን በ10፡00 መገኘት አለበት፤ ሌላ መንገድ የለውም።

ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ይድረስ። አንድ ሰው ቀድሞ ሄዶ በጃኬት ዘጠኝ ቦታ ይይዛል የሚለው ዘዴ በባዶ ድንኳን እንጂ በተጨናነቀ ሰዓት አይሠራም። አስተናጋጇ የምትኖረው በሚሸጠው ቢራ ነው፤ ባዶ ወንበር የምትጠብቅበት ምክንያት የላትም፣ ሌላ ሰው ታስቀምጣለች።

ከቤት ስትወጡ

ከ3 ሊትር በላይ የሚይዝ ወይም ከ20 በ15 በ10 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ቦርሳ ወደ ሜዳው አይገባም። ይህ በብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ችግር ነው። የጀርባ ቦርሳ ይዞ የመጣ ሰው ከመግቢያው ተመልሶ የዕቃ ማስቀመጫ ሰልፍ ላይ ይቆማል፤ እስኪመለስ ድንኳኑ ይሞላል። ስልክ፣ መታወቂያ፣ ገንዘብና የባቡር ትኬት ኪስ ውስጥ ይበቃሉ። ቢላዋ፣ የመስታወት ጠርሙስና የሚረጭ ነገር ክልክል ነው። የሕፃን ጋሪ ቅዳሜና ኦክቶበር 3 ፈጽሞ፣ በሌሎቹ ቀናት ደግሞ ከ18፡00 በኋላ አይፈቀድም።

ጥሬ ገንዘብ ያዙ፤ በ10 እና በ20 ዩሮ የተዘረዘረ። በ2025 የአንድ ሊትር ቢራ ዋጋ እንደየድንኳኑ ከ14.50 እስከ 15.80 ዩሮ ነበር። ለአንድ ሰው ሁለት ቢራ፣ አንድ ምግብና ጉርሻ እስከ 70 ዩሮ ሊደርስ ይችላል ብላችሁ አስሉ። በካርድ የሚቀበሉ አሉ፤ በተጨናነቀ ሰዓት ግን ጥሬ ገንዘብ ያለው ቀድሞ ይስተናገዳል።

መሄጃው ምንም እንኳ በምድር ውስጥ ባቡሩ በዩ4 እና ዩ5 መስመር ቴሬዚየንቪዘ የተባለው ጣቢያ ቀጥታ ሜዳው ላይ ቢያወጣም፣ እዚያ ጣቢያ ላይ መታፈን ያለ ነው፤ ሲሞላ ባቡሩ ሳይቆም የሚያልፍበት ጊዜም አለ። በዩ3 ወይም ዩ6 ጎተፕላጽ ወርዶ ከደቡብ ምሥራቅ በኩል መግባት፣ ወይም ከዋናው ባቡር ጣቢያ በእግር 15 እስከ 20 ደቂቃ መሄድ ይፈጥናል።

በሜዳው ውስጥ የስልክ ኔትወርክ ይደክማል። ከመለያየታችሁ በፊት መገናኛ ቦታና ሰዓት ተስማሙ። በሜዳው ምዕራብ ጎን ከፍ ባለው ቦታ ላይ የቆመችው የባቫሪያ ሐውልት ከሩቅ ስለምትታይ ከሷ የተሻለ የለም። “ድንኳኑ በር ላይ” ብሎ መቀጣጠር አያዋጣም፤ እያንዳንዱ ድንኳን ብዙ በር አለው።

በሩ ላይ

ድንኳኑ ሲሞላ በሩ ላይ “በመጨናነቅ ምክንያት ተዘግቷል” የሚል ሰሌዳ ይሰቀላል። ይህ ማለት ለዘለዓለም ተዘጋ ማለት አይደለም፤ ሰው በወጣ ቁጥር ያስገባሉ ማለት ነው። በዋናው በር ላይ ሦስት መቶ ሰው ሲጋፋ በጎን በር ላይ ሃያ ሰው ቆሞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሰሌዳውን ስታዩ መጀመሪያ ድንኳኑን አንድ ጊዜ ዙሩት፤ የጎን በሮች በግቢው በኩል ናቸው።

ጥበቃውን በትሕትና “ስንት ደቂቃ ይወስዳል?” ብላችሁ ጠይቁት። የሚሉት ነገር ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ገንዘብ አትስጡ። የሚቀበል ቢገኝም ወደ ውስጥ መግባት መቀመጫ ማግኘት ስላልሆነ ገንዘባችሁ ይባክናል። ኢንተርኔት ላይ በመቶዎች ዩሮ የሚሸጡ “የተያዙ ጠረጴዛዎችም” እንዲሁ ናቸው፤ ባለድንኳኖቹ ከእነሱ ውጭ የተሸጠን ጠረጴዛ አለመቀበል ስለሚችሉ፣ ከፍላችሁ ከበር ልትመለሱ ትችላላችሁ።

አስቀድሞ ጠጥቶ መምጣት በር ላይ ያስመልሳል። ሚዛኑን የሳተ ሰው አይገባም፤ አንዱ ሲመለስ ጓደኞቹም ይቀራሉ።

ውስጥ ገብታችሁ መቀመጫ መጠየቅ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ገብቶ ዋናው መተላለፊያ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ያያል። ዋናው መተላለፊያ የአስተናጋጆቹ መንገድ ነው፤ የሞላ ብርጭቆ አንዱ ብቻ ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ አሥሩን የያዘች ሴት ቶሎ መቆም አትችልም። ጥበቃዎቹም እዚያ የቆመን ሰው ወደ ውጭ ይገፉታል። ከገባችሁ አትቁሙ፤ በጠባቦቹ መስመሮች እየሄዳችሁ ፈልጉ።

አንድ፦ ወደ መሐል ሂዱ። በየጎኑ በእንጨት የተከለሉት ክፍሎችና ላይ ያለው ሰገነት በአብዛኛው የተያዙ ናቸው። ሳይያዝ የሚቀረው ቦታ በብዛት ያለው ሙዚቀኞቹ መድረክ ዙሪያ፣ በድንኳኑ መካከለኛ ክፍል ነው።

ሁለት፦ ለመነሳት የተዘጋጁትን ለዩ። ሬስቶራንት ውስጥ ሒሳብ የጠየቀን ሰው አይታችሁ ትጠብቃላችሁ፤ እዚህ ግን ሒሳቡ ቢራው ሲመጣ በየዙሩ ስለሚከፈል ሒሳብ የሚጠይቅ ሰው አታዩም። ምልክቱ ሌላ ነው። ብርጭቆው ውስጥ ሦስት ጣት የሚሆን፣ አረፋው ያለቀ ቢራ ይዞ የተቀመጠ፣ አዲስ ያላዘዘ፤ ከአግዳሚው ሥር ጃኬቱን የሚጎትት፤ የገዛውን የልብ ቅርጽ ያለው የዝንጅብል ብስኩት ከጠረጴዛው አንስቶ አንገቱ ላይ የሚያጠልቅ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስልኩን አውጥቶ ሰዓት የሚያይ ጠረጴዛ። እንደዚህ ያለ ጠረጴዛ ካያችሁ ጠጋ በሉና ጠይቁ፤ ደርሳችሁ ከቆማችሁ በኋላ የሚመጣው ሰው ከእናንተ በኋላ ነው።

ሦስት፦ ጫፍ ላይ የተቀመጠውን ሰው ጠይቁ። መሐል ያለው አይሰማችሁም፤ የሚወስነውም የሚጠጋው የጫፉ ሰው ነው። ጎንበስ በሉ፣ ዓይኑን እዩት፣ የሰው ቁጥራችሁን በጣታችሁ አሳዩት። የሚባለው “ኢስት ሂር ኖኽ ፍራይ?” ነው፤ “እዚህ ነፃ ቦታ አለ?” ማለት ነው። ሁለት ከሆናችሁ “ጽቫይ”፣ ሦስት ከሆናችሁ “ድራይ” ጨምሩ። “ቤዜትስት” ካሉ ተይዟል፤ “ዳንከ” ብላችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ። ከእኛ ባህል ለወጣ ሰው፣ በማያውቀው ሰው ገበታ ላይ ተጠግቶ መቀመጥ ሊያሳፍር ይችላል። እዚያ ግን ነገሩ የተለመደ ነው፤ ባቫሪያዎች በቢራ ግቢያቸው ውስጥ ከማያውቁት ሰው ጋር አንድ አግዳሚ መጋራትን የሚያዩት እኛ ገበታ ላይ የደረሰን እንግዳ “ና ብላ” እንደምንለው ነው። ሳይጠይቁ መቀመጥ ግን ነውር ነው።

አሥር ጠረጴዛ ሳትጠይቁ ተስፋ አትቁረጡ። እምቢ የሚሉት ብዙዎቹ በእውነት ሽንት ቤት የሄደ ጓደኛ ስላላቸው ነው።

አራት፦ አስተናጋጇን ጠይቁ። እያንዳንዷ የራሷ ጠረጴዛዎች አሏት፤ ማን ሊነሳ እንደሆነ፣ የትኛው የተያዘ ጠረጴዛ ላይ ሰው እንደቀረ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ብርጭቆ ተሸክማ ስትመጣ አታስቁሟት፤ ባዶ እጇን ስትመለስ “ሁለት ነን፣ እንበላለን፣ እንጠጣለን” በሏት። በላተኛና ጠጪ ያለበት ጠረጴዛ የሷም ጥቅም ስለሆነ ብዙ ጊዜ ራሷ “ተጠጉላቸው” ብላ ታስቀምጣችኋለች።

አምስት፦ ሃያ ደቂቃ ፈልጋችሁ ካጣችሁ ውጡና ሌላ ድንኳን ሞክሩ። አንድ ድንኳን ውስጥ ሁለት ሰዓት መዞር ድካም ብቻ ነው።

የተያዘ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ

የተያዘ ጠረጴዛ ስምና ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት ወይም ሰሌዳ አለው። ሰዓቱን አንብቡ። 16፡30 የሚል ከሆነና አሁን 13፡00 ከሆነ፣ አስተናጋጇን ጠይቃችሁ እስከዚያ መቀመጥ ትችላላችሁ፤ ብዙ ሰው ወረቀቱን አይቶ ሳያነብ ያልፈዋል። ከሰዓቱ ሩብ ሰዓት ቀድማችሁ ለመነሳት ተዘጋጁ፤ በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ውስጥ አዲስ ሊትር አትዘዙ፣ ቆማችሁ ለመጨረስ ትገደዳላችሁ።

ባለቤቶቹ ሲመጡ ስድስት ብቻ ከሆኑ፣ እናንተም ሁለት ሆናችሁ ሰላም ያላችሁ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ “ተቀመጡ” ይላሉ። ይህ የሚሆነው ግን ያለ ክርክር ብድግ ስትሉ ነው። ወንበሬን አልለቅም ያለን ሰው የሚያወጣው ጥበቃ ነው፤ ሲያወጣም ወደዚያ ድንኳን መመለስ የለም።

የትኛው ድንኳን?

በቪዝን የሚቀዳው የስድስቱ የሙኒክ ጠማቂዎች ቢራ ብቻ ነው፦ አውጉስቲነር፣ ሃከር-ፕሾር፣ ሆፍብሮይ፣ ሌቨንብሮይ፣ ፓውላነርና ሽፓተን። በመቀመጫ ረገድ ግን ድንኳኖቹ ይለያያሉ።

ቦታ ላላስያዘ ሰው የሆፍብሮይ ድንኳን የተለየ ጥቅም አለው፤ ከሙዚቀኞቹ መድረክ ፊት ቆሞ የሚጠጣበት ክፍል ስላለው መቀመጫ ሳያገኙም ቢራ ማግኘት ይቻላል። የውጭ አገር እንግዳ የሚበዛበት፣ ጩኸት የበዛበት ድንኳን ነው። ሾተንሃመል የወጣቶች ነው፤ ቅዳሜ በጠዋት ይሞላል። የአውጉስቲነር ድንኳን ቢራው ከእንጨት በርሜል ስለሚቀዳ የሙኒክ ሰዎች ይመርጡታል፤ በሥራ ቀን ከሰዓት በፊት በጣም ደስ የሚል ቦታ ነው። የሃከር ድንኳን ጣሪያው እንደ ሰማይ ሰማያዊ ተቀብቶ ደመና የተሣለበት ስለሆነ ሁሉም ሊያየው ይፈልጋል፤ ቀድሞ ይዘጋል። ኬፈር ጠባብና በታዋቂ ሰዎች የሚፈለግ ነው፤ ያላስያዘ ሰው ማታ እዚያ ባይሞክር ይሻላል።

ሁሉም ሲሞላ ወደ ደቡቡ ጫፍ፣ “አሮጌው ቪዝን” ወደሚባለው የበዓሉ ክፍል ሂዱ። ጥቂት ዩሮ መግቢያ ስለሚከፈልበት ሰዉ ይቀንሳል፤ ሙዚቃው የጥንት፣ እንግዳው የአካባቢው ሰውና ቤተሰብ ነው። ማዕከላዊው የእርሻ ትርኢት በሜዳው ላይ በሚካሄድባቸው ዓመታት ግን አሮጌው ቪዝን ስለማይኖር ከመሄዳችሁ በፊት አረጋግጡ።

ከተቀመጣችሁ በኋላ

ቦታ ማግኘት ግማሹ ሥራ ነው፤ ሌላው አለማጣት ነው። የመጀመሪያው ቢራ ሲመጣ ወዲያው ክፈሉ፤ አንድ ወይም ሁለት ዩሮ ጉርሻ ጨምሩ። አስተናጋጇ በመጀመሪያው ዙር ያየችውን ሰው አትረሳም፤ በምሽቱ ግርግር ሁለተኛው ቢራ በአሥር ወይም በአርባ ደቂቃ መምጣቱ በዚህ ይወሰናል።

በየዙሩ ባትጠጡም ጠረጴዛው ላይ አንድ ነገር ይኑር። ባዶ ብርጭቆ ይዞ ለአንድ ሰዓት የተቀመጠ ሰው “ትነሳለህ?” መባሉ አይቀርም። የበዓሉ ቢራ አልኮሉ 6 በመቶ ግድም ነው፤ አንድ ሊትሩ ከተለመደው ሁለት ጠርሙስ ይበልጣል። አልኮል የሌለው ቢራ፣ ሎሚናትና ውኃ በየድንኳኑ አለ፤ እሱን ማዘዝ ቦታውን እኩል ያስጠብቃል።

የአሳማ ሥጋ የማይበላ ሰው ቋሊማዎቹን ይተው፤ ነጩም ቀዩም አብዛኛው አሳማ አለበት። የተጠበሰ ግማሽ ዶሮ፣ በፊሸር-ፍሮኒ ድንኳን በእንጨት ተሰክቶ በፍም የሚጠበሰው ዓሣ፣ በኦክሰንብራተራይ ድንኳን የሚጠበሰው በሬ አሉ። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ብሬጸል የሚባለው ትልቁ ጨዋማ ዳቦ አለ፤ ቅቤ የተቀባውንና አብሮት የሚቀርበውን አይብ እንዳያመጡ መንገር ያስፈልጋል።

ሽንት ቤት ስትሄዱ በየተራ ሂዱ፤ ከድንኳኑም አትውጡ። በሩ ከተዘጋ “ወንበሬ ውስጥ ነው” ማለት አያስገባም። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በተለይ ይጠንቀቅ፤ ውስጥ ማጨስ ክልክል ስለሆነ ይወጣል፣ ወጥቶም ይቀራል። ለመጨፈር አግዳሚው ላይ መቆም የተለመደ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ መውጣት ግን ያስወጣል። ከአግዳሚው ጫፍ ላይ ሆናችሁ በሌላው ጫፍ ያለው ሰው ሲነሳ አግዳሚው ወደ እናንተ ይዘነብላል፤ እግራችሁን መሬት ላይ አጽኑ። ብርጭቆውን ለማስታወሻ ይዞ መውጣት ስርቆት ነው፤ በበር ላይ ይፈትሻሉ።

ጭንቀት የገጠማት ሴት ወይም ልጃገረድ፣ ጓደኞቿን ያጣች ብትሆንም፣ ከሾተንሃመል ድንኳን ጀርባ ባለው የአገልግሎት ማዕከል ውስጥ የሴቶች መጠለያ አላት። የመጀመሪያ ሕክምናም እዚያው ነው።

ምንም ካልተገኘ

ከ19፡00 እስከ 20፡30 ባለው ጊዜ ሁሉም በር ተዘግቶ ግቢውም ሞልቶ ከሆነ አትጋፉ። በሜዳው ላይ ዞሩ፣ ብሉ፣ የሚሽከረከረውን መንኮራኩር ተሳፈሩ፤ በ21፡00 ሁለት ሁለት ሆናችሁ እንደገና ሞክሩ። ያም ካልሆነ በሃከርብሩከ ጣቢያ አጠገብ፣ አርኑልፍ ጎዳና ላይ ያለው የአውጉስቲነር-ኬለር ግቢ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። በዛፎች ጥላ ሥር ከ5,000 ሰው በላይ የሚያስቀምጥ ስለሆነ በበዓሉ ሰሞን እንኳ ለአራት ሰው ቦታ ይገኝበታል፤ ቢራውም ከቪዝን ይረክሳል። ከ22፡30 በፊት ተነስታችሁ ከወጣችሁ ባቡሩም ላይ ትቀመጣላችሁ፤ ከ22፡30 በኋላ ግን ከሃከርብሩከ ተሳፈሩ እንጂ ወደ ቴሬዚየንቪዘ ጣቢያ አትውረዱ።